የኋለኛው ክፍል ጣራ

ሥራ የጀመርኩ ዕለት ጣራ ላይ አውጥተው አቆሙኝና ጣራው የት እንዳለ ጠየቅሁ። መቀለዴ አልነበረም። እኔ የሣር ቤት ከዳኝ ነኝ፤ ጣራ ስል የማውቀው ውሃ የማያሳድር ቁልቁለት ነው። ከእግሬ ሥር ያለው ግን እንደ አውድማ የተለጠጠ አርማታ ነበር። «ክዳኑ መቼ ነው የሚወጣው?» አልኩት አስተርጓሚውን። «የቆምክበት ነው ክዳኑ» አለኝ። ወልዱ ይባላል፤ ክፉ ሰው አልነበረም።

ጊዜው ጣሊያን ደብረ ማርቆስን ይዞ የተደላደለበት ነው። ከአምበር እህል ጭኜ ለገበያ ስመጣ ከሌሎች ጋር አፍሰው ለመንገድ ሥራ ወሰዱኝ። ሙያዬን ሲጠይቁኝ ቤት እከድናለሁ አልኩ። በዚች ቃል ከድንጋይ ፈለጣ አውጥተው የመሥሪያ ቤታቸው ጣራ ላይ ሰቀሉኝ። አህያዬን የት እንዳደረሷት እስከ ዛሬ አላውቅም።

አለቃዬ ካፖ ፓውሎ ነበር። ካፖ ማለት የሠራተኞች አለቃ ነው። ሙያውን ጠንቅቆ ያውቃል፤ ይህን አልክድም። የሚያንገበግበኝም ይኸው ነው። አላዋቂ ቢሆን ኖሮ ገና ዱሮ ይቅር ብዬው ነበር።

ሥራውን ያሳየኝ እሱ ነው። አርማታ ቀን በፀሐይ ይለጠጣል፣ ሌሊት በውርጭ ይኮማተራል፤ በዚህ መሐል ይሰነጠቃል። ስንጥቁን በብረት ፍቀህ አቧራውን ትጠርጋለህ። ቅጥራኑን በበርሜል አቅልጠህ፣ ገና ትኩስ ሳለ ታፈስበታለህ። የጆንያ ቁራጭ ትጠቀጥቅበትና አሸዋ ትነሰንስበታለህ። ስንጥቁ ርጥብ ከሆነ ግን ልፋትህ ከንቱ ነው፤ ቅጥራን ከውሃ ጋር አይስማማም። ስለዚህ በክረምት ፀሐይ የወጣችበትን ጠዋት አድፍጦ መጠበቅ ያስፈልጋል።

ጣራው ዙሪያውን ጉልበት በሚደርስ ግንብ የታጠረ ነው። ፊት ለፊት ቢሮዎች አሉ፤ ከበስተኋላ አንድ ዕቃ ቤት። አሸንዳዎቹ ሁሉ የወጡት ከኋላ በኩል ነው። ባለሥልጣኖቹ በሚገቡበት በር ላይ ውሃ እንዳይፈስ ተብሎ መላው ጣራ ወደ ኋላ እንዲያዘነብል ተደርጓል። ዝናብ ሲጥል የእኔ ሥራ ከቢሮዎቹ በላይ ያለውን ውሃ በእንጨት መግፊያ እየነዳሁ ወደ አሸንዳዎቹ ማድረስ ነበር። ጎጃም ደግሞ የሚዘንበው ውሃ ብቻ አይደለም። በረዶው ይወርድና አሸንዳውን ይደፍነዋል፤ ያን ጊዜ የጣራው ውሃ ሁሉ ኋላ ላይ ይተኛል።

ሰኔ ሲገባ ዕቃ ቤቱን እስር ቤት አደረጉት። ካስገቧቸው ሰዎች አንዱ አያ አንዳርጌ ነበሩ። ሣር መክደን ያስተማሩኝ፣ በአምበር ዙሪያ ስንት ቤት የከደኑ ሽማግሌ ናቸው። ጥፋታቸው ልጃቸው ዱር መግባቱ ነው። ጣሊያኖቹ ልጁን ማግኘት ሲያቅታቸው አባቱን ያዙ።

በመጀመሪያው ትልቅ ዝናብ ማግስት ከኋላው ግንብ ላይ ተኝቼ ወደ ታች አንገቴን አሰገግሁ። ከሥር ብረት የተገጠመለት ትንሽ መስኮት አለ።

«አያ አንዳርጌ፣ እንዴት አደሩ?»

«ቸኮል ነህ? በል ንገረኝ፣ እዚህ ቤት ክዳን አለው ወይስ አሞኙን?»

«አለው፤ ተሰንጥቆ ነው።»

«ልክ እራሴ ላይ ነው የተሰነጠቀው። ፈቀቅ እንዳልል ሰው ሞልቷል። ደረቴን ያዘኝ ልጄ።»

ሳላቸውን ሰማሁት። ከሆድ የሚመጣ፣ ረጋ ያለ ሳል ነበር። ቤታቸው ሳሉ እንኳ ብርድ የማይስማማቸው ሰው መሆናቸውን አውቃለሁ። ያ ስንጥቅ ሳይደፈን ሐምሌና ነሐሴ ካለፈ እንደማይተርፉ ገባኝ።

ካፖ ፓውሎ ዘንድ ሄድኩና ለኋለኛው ክፍል ቅጥራን ስጠኝ አልኩት። ወልዱ አስተረጎመ። ካፖው ራሱን ነቀነቀ። «ቅጥራኑ ከምጽዋ ድረስ በመኪና የሚመጣ ነው፤ ለቢሮዎቹ ብቻ ነው ይላል» አለኝ ወልዱ። አንድ ስንጥቅ ነው፣ ግማሽ ቀንም አይፈጅ አልኩ። ካፖው ቀጠለ። ወልዱ «ውሃ ሰው አያበላሽም ይላል» አለኝ።

ሰውዬው ስንጥቁን ሄዶ አይቶታል። የት እንደሚያፈስ፣ በማን ላይ እንደሚያፈስ ያውቃል። በየዝናቡ መግፊያውን ይዤ የአዛዦቹን ጣራ አደርቃለሁ፤ ያደረቅሁት ውሃ በሽማግሌው ራስ ላይ ይንጠባጠባል። ባልገፋው ደግሞ ከታች የሚጠብቀኝ አለንጋ ነው። እንዲህ ያለ ሥራ ያቀደ ሰው ምን ዓይነት ልብ እንዳለው አላውቅም።

በሐምሌ አንድ ቀን ከበላይ አንድ ኮሎኔል ለጉብኝት መጣ። ምሳ በቢሮው አዳራሽ ተዘጋጀለት። ሊበሉ ሲቀመጡ በረዶ ወረደ። አሸንዳዎቹ ተደፈኑ፣ ውሃው እያደገ ወደ ፊት ተመለሰ፣ ከአዳራሹም ያንጠባጥብ ጀመር። ካፖው ወጥቶ ከግቢው ጮኸ፤ በረዶውን ጠራርገህ ውሃውን ልቀቀው ማለቱ ነው።

በእኛ አገር ወግ ጉልላት የሚያስገባው ከዳኝ ሥራውን ሲጨርስ ከጣራው ላይ ይቀመጥና ባለቤቱን ይጠይቃል። ባለቤቱ ከታች ቆሞ ጊደርም ይሁን ጋቢ ይሰጣል። ቃሉን እስኪሰጥ ከዳኙ አይወርድም። ከታች ሆኖ ወደ ጣራ የተነገረ ቃል ደግሞ አይታጠፍም፤ ያጠፈው ሰው ዳግመኛ ቤቱን የሚከድንለት አያገኝም።

መግፊያውን ጉልበቴ ላይ አጋድሜ ግንቡ ላይ ተቀመጥኩ። «ለኋለኛው ክፍል ቅጥራን ካልተሰጠኝ አልሠራም፣ አልወርድም» አልኩ። ከታች ካፖው ጎን የቆመው ወልዱ ደነገጠ። ወጉን ያውቀዋል፤ ምን እንደምጠይቅ ብቻ ሳይሆን እንዴት እንደምጠይቅም ገባው። «ቸኮል፣ እነዚህ እኮ የእኛ ሰዎች አይደሉም» አለኝ። «ቃል ያላቸው ሰዎች አይደሉም ወይ?» አልኩት።

ካፖው ሽጉጡን ነካ ነካ አደረገ። ይሄኔ ኮሎኔሉ የአፍ መጥረጊያ ጨርቁን እንደያዘ በረንዳው ላይ ወጣ። ነገሩን ነገሩት፤ ሳቀ። ለካፖው አንድ ነገር ተናገረው። ካፖው እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ቀና ብሎ አየኝ። «ነገ ጠዋት ይሰጥሃል፤ ቃሌ ነው ይላል» አለ ወልዱ።

በረዶውን ዛቅሁት፣ ውሃውን ለቀቅሁት፣ ወረድኩ። ከመውረዴ በፊት ግን ወደ መስኮቱ አዘነበልኩ።

«አያ አንዳርጌ፣ ነገ እደፍነዋለሁ። ቃል ሰጡኝ።»

«ከታች ቆመው?»

«ከታች ቆመው።»

«እንግዲያ ደግ። ዛሬን በአንድ ጎኔ እተኛለሁ» አሉ።

በማግስቱ ሰማዩ ጥርት ብሎ ነጋ። በክረምት እንዲያ ያለ ጠዋት ከስንት አንዴ ነው። ስንጥቁን ፍቄ፣ ጠርጌ፣ በፀሐይ አድርቄ ካፖው ዘንድ ሄድኩ። ኮሎኔሉ ሄዷል። ካፖው ወልዱን እያየ ትከሻውን ሰበቀና ሁለት ወታደሮች ጠራ። ሰው ፊት ስላዋረድኩት ገረፉኝ። ግርፋቱ አልከበደኝም። የከበደኝ ከዚያ ጣራው ላይ ስወጣ የሰማሁት ነው።

«ቸኮል፣ ፀሐይ ናት አይደል? ሽታው ይመጣል እያልኩ ስጠብቅ ነበር» አሉኝ አያ አንዳርጌ። የቅጥራኑን ሽታ ማለታቸው ነው። ምን ልበላቸው? «አላመጡትም» አልኩ። «ከታች ቆመው ነበር አላልክም?» አሉ። ያጠፋሁ እኔ አይደለሁም።

በፍልሰታ ጾም መጨረሻ ላይ ስጠራቸው ዝም አሉ። ከጎናቸው የታሰረ ሰው «ተገላግለዋል፤ አትጥራቸው» አለኝ። አስከሬናቸውን ዘመዶቻቸው በቃሬዛ ወደ አምበር ወሰዱት። እኔ እንድሸኝ አልተፈቀደልኝም፤ ደመና ስለነበር ጣራ ላይ ነበርኩ።

ሳምንት አልሞላም፣ እስረኞቹን ወደ ሌላ ቦታ አዛወሯቸው። ጠዋት ስመጣ ካፖ ፓውሎ ራሱ ሙሉ በርሜል ቅጥራን እያስወጣ አገኘሁት። «የኋለኛውን ክፍል ድፈን ይላል፤ ዛሬውኑ» አለኝ ወልዱ፣ ዓይኔን ሳያይ። ግቢው ውስጥ መኪና ቆሟል። ዱቄት ነው የጫነው።

ደፈንኩት። በደንብ ነው የደፈንኩት፤ ሥራ አበላሽቼ አላውቅም። ከጠዋት ተነሥቼ ምሳ ሳይደርስ አለቀ። በዚያ ዓመት ከዚያ ክፍል ጠብታ ውሃ አልገባም፤ ዱቄታቸው ደረቅ እንደሆነ ከረመ።

ሰዎች ይህን ሳወራ ለምን ወረድክ ይሉኛል። እኔ የወረድኩት ወግ ባለው ሰው ፊት እንደሚወረደው ነው፤ ነውሩ የእነሱ ነው። ሆኖም ከእኔ በኋላ መሰላል ለምትይዙ የምለው አለኝ። ውሃው እላያቸው ላይ ሳለ የሚሰሟችሁ ሰዎች ስትወርዱ አይሰሟችሁም። የጠየቃችሁትን ነገር በእጃችሁ ሳትጨብጡ አትውረዱ።