«ጤፍ ስንት ገባ?»

እስራኤል አገር፣ ሮቫ ሔት በሚባለው ሰፈራችን ይኖር የነበረው ታላቅ ወንድማችን በየሳምንቱ ጎንደር ላለችው እህታችን ይደውል ነበር። ሬዲዮው ስለ እርዳታና ስለ ብር መውደቅ ሲተነትን ያጠፋውና፣ «ጤፍ ስንት ገባ?» ይላታል። እሷ ተቸገርኩ አትልም። እሱ ግን ከጤፉ ዋጋ ጓዳዋን ያውቅና የሚልከውን ሸቀል ይጨምራል። «ብሩ ሲወድቅ የከበርን ይመስለናል እንጂ፣ እነሱ መደህየታቸው ነው» ይለኝ ነበር።

ሲሞት ሺቫውን፣ የሰባት ቀኑን ሐዘን፣ ተቀምጠን ተነሣን። መርዶ በስልክ አይነገርምና፣ ዘመዶች በማለዳ ቤቷ ሄደው እስኪያረዷት ድረስ የሳምንቱ ስልክ ቀርቶባት እንዳትጠረጥር አንድ ሰው ደውሎ መዋሸት ነበረበት። ዕድሜዬን ሙሉ ስቀጥፍ የኖርኩ ሽማግሌ ነኝና፣ «አንተ ታውቅበታለህ» ተባልኩ። ደወልኩ።

«ጋሼስ?» አለችኝ።

«ጉንፋን ድምፁን ዘግቶታል። ጤፍ ስንት እንደገባ ጠይቃት ብሎኝ ነው።»

 

«ጋሼ ድምፁ ቢዘጋ በሹክሹክታም ቢሆን ራሱ ይጠይቀኝ ነበር» አለች። «ጤፍ ረክሷል። ምንም እንዳትልኩ፤ ለልቅሶው ብዙ አውጥታችኋል።»

ረክሷል ያለችው እውነት ይሁን ውሸት፣ የሚያውቅልን ሰው ሞቷል።