ወንድሜን ከገደል አፋፍ የጠራሁ ዕለት

ትናንት ከሰዓት የእህቴ ልጅ ስልኳን ይዛ መጣችና «አክስቴ፣ አገርሽን እይው» አለችኝ። ወጣቶች ናቸው... ሰሜን ተራሮች አፋፍ ላይ ቆመው ስማቸውን ይጮኻሉ፤ የገደል ማሚቶው ሲመልስላቸው ይስቃሉ። ምንም አላጠፉም፣ ሸጋ ልጆች ናቸው። እኔ ግን «ዝጊው!» ብያት ወደ ጓዳ ገባሁ። ልጅቷ ደነገጠች። እስቲ ለሷም ለእናንተም ልንገራችሁ።

ዘመኑ ደርግ ነው። ጎንደር ከተማ አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ታይፒስት ነበርኩ። ያን ጊዜ «ኮከብ ሠራተኛ» የሚባል ነገር ነበር። አራት ኮከቦች የሰሜን ተራሮች ጉብኝት ተሸለምን። ባልደረቦቼ ካሜራና ብርድ ልብስ ሲበዳደሩ የኔ ሐሳብ ሌላ ጋ ነበር።

እናቴ አዘዞ ቤታችን ተኝታለች። ሐኪሞቹ «ወደ ቤት ውሰዷት» ብለውናል... ትርጉሙን ታውቁታላችሁ። ታላቅ ወንድሜ አያ አለባቸው ደግሞ ከሰሜን ገደል ሥር፣ የተወለድንበት መንደር፣ እያረሰ ይኖራል። ቆላው በአማፅያን እጅ ስለነበር መንገዱ ተዘግቷል። የላክነው ሰው ሁሉ ከደባርቅ ተመለሰ። በር በተንኳኳ ቁጥር እናቴ «አለባቸው ነው?» ትላለች።

የምንጎበኘው አፋፍ ልክ ከመንደራችን በላይ መሆኑን ስነግራት ቀና ብላ ተቀመጠች። በኛ አገር ገደሉ ጫፍ ላይ ሆኖ ታች ያለውን ሰው መጥራት የተለመደ ነው።

«ስሙን ብቻ ጥሪና ዝም በይ» አለችኝ። «ወደ ሜዳው ወጥቶ አቤት እስኪልሽ ሌላ ቃል እንዳትጨምሪ። አቤት ሲልሽ እናትህ ትፈልግሃለች፣ ድረስ በይው።»

«ምነው እምዬ፣ ብጨምር ምን አለበት?»

«እንዳልኩሽ አድርጊ!» ብላ ተቆጣች። ደክሟት ስለነበር ከዚያ በላይ አልጠየቅኳትም።

አስጎብኚያችን ጓድ ሞላ ይባላል። ጨዋታ አዋቂ ነው፤ ላንድሮቨሩ ውስጥ እስከ ደባርቅ ሆዳችንን ይዘን ነው የሳቅነው። ከፊት ግን ጠመንጃ የያዘ ጥበቃ ተቀምጧል። በዚያ ጊዜ «እዚያ ታች ወንድም አለኝ» ማለት የሚያስጠይቅ ነገር ነበር። ስለዚህ ለማንም ትንፍሽ አላልኩም። ስጣራ ማሚቶ እየሞከረች ነው ይሉኛል፣ ከዚያ በኋላ ያለውን እግዜር ያውቃል ብዬ ነው የሄድኩት።

አፋፉ ላይ ደረስን። መሬት እዚያ ጋ ያልቃል። ከሥር አምባ ከአምባ ኋላ ተደርድሯል፣ ቤቶቹ ቁልቁል ሲታዩ የተበተነ ሽምብራ ይመስላሉ። ጭላዳ ዝንጀሮዎች ከአጠገባችን ሣር ይነጫሉ። ሌሎቹ «አቤት የእግዜር ሥራ!» ሲሉ እኔ የኛን መንደር ጭስ አየሁና እንባዬ መጣ።

ፈንጠር ብዬ ቆምኩና እጄን አፌ ላይ አድርጌ ተጣራሁ።

«አለባቸው ሆይ...! ኧረ አለባቸው...!»

ድምፄ ገና ሳይጠፋ ከኋላዬ የሒሳብ ክፍሉ ግርማ ዘሎ መጣ። «እንዴ፣ ማሚቶ አለ እንዴ? ቆይ የኔንም ይጥራ!» አለና «ግርማ...!» ብሎ ጮኸ። አልማዝ ተከተለች፤ «አልማዝ...!» ዘውዱም «ዘውዱ...!» አለ። ጓድ ሞላ ደስ ብሎት «ጮክ በሉ እንጂ!» ይላቸዋል።

«ተዉ! በእናታችሁ ዝም በሉ!» አልኩ።

«ምነው? የጀመርሽው አንቺ አይደለሽ?» አለኝ ግርማ እየሳቀ። እውነቱን እንዳልነግረው ጥበቃው ዓይን ዓይኔን ያየኛል።

ከዚያ እናቴ እንዳዘዘችኝ ምንም ሳልጨምር ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ጠበቅኩ። ከቆይታ በኋላ ከታች አንድ ድምፅ ተነሣ። ቀጭን፣ ረጅም፣ የብዙ ጉሮሮ ድምፅ። ብድግ አልኩ።

«ጭላዳዎች ናቸው» አለ ጓድ ሞላ። «ከታችም ሌላ መንጋ አለ።»

አመንኩት። «አቤት» የሚል ግን የለም። ጉሙ ከሸለቆው ተነሥቶ መንደሩን ሸፈነው። «ትንሽ እንቆይ» ብዬ ለመንኩ፤ «ጉሙ መንገዱን ሳይዘጋብን» ብለው አስነሡኝ። መኪናው እስኪታጠፍ ድረስ ወደ ኋላ እያየሁ ሄድኩ።

ለእናቴ «አልሰማኝም» አልኳት። «አለባቸው ሳይሰማ አይቀርም» አለችና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ብዙም አልቆየች።

አያ አለባቸው የመጣው ተዝካሯ ከወጣ በኋላ፣ መንገዱ ትንሽ ሲላላ ነው። አልቅሶ አልቅሶ ሲወጣለት ጠየቅኩት።

«አያዋ፣ ከአፋፉ ላይ ጠርቼህ ነበር። አልሰማህም?»

ቀና ብሎ አየኝ። «አንቺ ነበርሽ? ሰማሁ እንጅ! ስሜ ሲጠራ በሬዎቼን አቁሜ ወደ ሜዳው ሮጥሁ። አቤት ልል አፌን ስከፍት ሌላ ስም ተጠራ፣ ሌላም፣ ሌላም። ስም ጠርተው ሌላ ስም ካስከተሉ መርዶ ነው። የሞተውን ነው የሚነግሩህ። ለመርዶ ደግሞ አቤት አይባልም።»

«ከዚያስ?»

«ግርማ የሚባል ዘመድ የለኝ፣ አልማዝም የለችኝ። ይህ የሌላ አለባቸው መርዶ ነው አልን። ግና ሰዎቹ ሳይለቀስላቸው እንዳይቀሩ ብለን መንደሩ ሁሉ ሜዳ ላይ ወጥቶ አለቀሰላቸው።»

ያ ጓድ ሞላ ጭላዳ ነው ያለን ድምፅ... የወንድሜ ለቅሶ ነበር።

«ያን ጊዜ እምዬ ነበረች?» አለኝ ቀስ ብሎ።

«ነበረች። በር በሩን ታይ ነበር።»

ምነው ለነግርማ አስቀድሜ በጆሯቸው ሹክ ባልኳቸው እያልኩ ስንት ዘመን ተንገበገብኩ። እናቴንም ምክንያቱን አጥብቄ በጠየቅኳት።

ግርማ ጡረታ ወጥቶ ዛሬም ፒያሳ አገኘዋለሁ። «ያቺ የሰሜን ጉዞ እንዴት ደስ ትል ነበር!» ይለኛል። ፈገግ ብዬ አልፈዋለሁ። ወንድሜ ለሱ በቁሙ አልቅሶለታል፤ ለገዛ እናቱ ግን ቀብር እንኳ አልደረሰም።