የገበያ ቀን አግዳሚ ወንበር

የዘይት ቀለሙ ሽታ አፍንጫዬን የመታኝ ከተቀመጥኩ በኋላ ነው። ቀደም ብሎ ቢመታኝ ኖሮ ቀሚሴም ነጠላዬም በተረፉ ነበር። የልጅ ልጄ ናት ጉድ የሠራችኝ። ከስልኳ ላይ ዜና አነበበችልኝ። መናፈሻው ታድሷል፣ የእግር መንገዱ ድንጋይ ተነጥፎለታል፣ አግዳሚ ወንበርም ገብቶለታል፤ "እማማ፣ ሂጂና ተናፈሺ እንጂ!" አለችኝ። ሄድኩ። አግዳሚው አረንጓዴ ነው፤ እርጥብ ነው። "አልደረቀም" ብሎ አንዲት ቁራጭ ካርቶን የሚያንጠለጥል ሰው እንዴት ይጠፋል? ዘበኛው እየሮጠ መጥቶ፣ "እማማ፣ ልነግርዎ ስል እኮ ተቀመጡ" አለኝ።

ልነግርዎ ስል! ይህችን ቃል ስሰማ ሳቁም ንዴቱም አንድ ላይ መጡብኝ። መነሳቱንም ተውኩት፤ ቀሚሱ እንደሆነ አንዴ ሄዷል። እዚያው ቁጭ ብዬ ስለ ሌላ አግዳሚ አሰብኩ።

ጃንሆይ ገና በዙፋናቸው ላይ ነበሩ፤ እኛም ሞጣ ነበርን። እኔ ስምንተኛ ክፍል፣ አባቴ የፍርድ ቤት ጸሐፊ። ያን ዘመን ከተማዋ መናፈሻ ያስፈልጋታል ተባለና አንድ ወጣት ቀያሽ ከአዲስ አበባ ተላከ። ቀጭን፣ ካኪ ለባሽ፣ እርሳስ ከጆሮው ላይ የማይለየው ልጅ ነበር። በገበያውና ቤታችን ባለበት በፍርድ ቤቱ ሰፈር መካከል ያለውን ሣር ሜዳ አጠረ፣ ጽድ አስተከለ፣ መንገድ አወጣ። በመጨረሻም በገዛ እጁ አንድ አግዳሚ ወንበር ሠርቶ አረንጓዴ ቀባው።

የት ቢያኖረው ደግ ነበር? ከዛፎቹ ወዲያ፣ ከሰው እግር ራቅ አድርጎ። እሱ የት አኖረው? ከገበያ ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚወስደው ዋና መንገድ አፋፍ ላይ፣ ፊቱን ወደ መንገዱ አዙሮ! ለምን ቢሉት፣ "ሰው ሰውን እያየ ይናፈስ" አለ። እንግዲህ በእኛ አገር ትልቅ ሰው ሲያልፍ ተቀምጦ የሚያይ ልጅ ያልተቀጣ ልጅ ነው። "ኖር!" ብሎ ብድግ ይላል፤ ትልቁም ሰው "በእግዜር!" ብሎ ያስቀምጠዋል። በዚያ መንገድ ደግሞ ከትልቅ ሰው በቀር ማን ያልፋል? ቀያሹ ይህን ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም። ማንም በማያልፍበት ሰዓት ለክቶ፣ ማንም በማያልፍበት ሰዓት ተክሎት ነው።

ከተማውም አግዳሚውን ለመናፈሻ አልፈለገውም። እመቤቶች በቅሎ ላይ ሲወጡ እሱን ረገጡት፤ የአሞሌ ጨው ነጋዴው ጭነቱን አሳረፈበት። ቅዳሜ ቅዳሜ የማዘጋጃ ቤቱ ለፋፊ ጥሩምባውን ነፍቶ የመናፈሻውን ወሬ ያሰማል፤ ፍየል ማስገባት ክልክል ነው፣ አጥሩ ላይ ልብስ ማስጣት ክልክል ነው። ፍየሎቹ ግን ጥሩምባ አይሰሙም። ከጽዱ ግማሹን በሉት።

እኔና ቀያሹ የተዋወቅነው ተማሪዎች ችግኝ ስንተክል ነው። የመለኪያ ገመዱን ጫፍ አስያዘኝ። ገመዱን ይዤ ቀረሁ በሉት። በአዘቦት ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ አግዳሚው ላይ እንቀመጥ ነበር፤ እሱ ወዲያ ጫፍ፣ እኔ ወዲህ ጫፍ፣ መካከላችን ሁለት ሰው ይበቃዋል። ሰው ሁሉ እያየን ስለነበር ነውር የለበትም። ስለ ዛፍ ያወራል፤ እኔ እሰማለሁ። አንድ ቀን መሬት መሬቱን እያየ፣ "የሙከራ ጊዜዬ ሲያልቅ ለአባትሽ ሽማግሌ እልካለሁ። ከመስቀል በኋላ" አለኝ። ከመስቀል በኋላ! ጊዜው ገና ግንቦት ነበር። ሰውዬው ፍቅሩንም እንደ መንገዱ በችካል ለክቶ ነው የሚሠራው።

አንድ ዓርብ ማታ እናቴ ጓዳ ጠራችኝ። የቢቸና ሰዎች ለልጃቸው ሊጠይቁኝ እሑድ ሽማግሌ ይልካሉ። አባቴስ ምን አለ? አባቴ መዝገብ በተራው የሚያስጠራ ሰው ነበር፤ ለሴት ልጁም ሌላ ሕግ አላወጣም። "ቀድሞ ደጄን የረገጠውን ሽማግሌ አላሳፍርም" አለ። እናቴ የልቤን ታውቅ ነበርና፣ "ያ ቀያሽ ቀድሞ ቢልክስ?" ብላ ጠየቀችው። "ይላካ! ልጁ ጨዋ ነው፤ ከሩቅ ሲያየኝ ይነሳል" አላት።

ስለዚህ የሚያስፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር። "ዛሬ ማታ ሦስት ሽማግሌ ላክ።" አምስት ቃል! አምስት ቃል ለመናገር ስንት ሰዓት ይፈጃል? ለምን አልጻፍሽለትም ትሉኝ ይሆናል። በዚያን ጊዜ ሴት ልጅ በገዛ እጇ ጽፋ "ጠይቀኝ" ብላ ወረቀቱ ቢገኝ፣ የሚያነቡት ወረቀቱን ብቻ ሳይሆን እሷንም እስከ ሰባት ቤቷ ነው። ቤቱ መሄድማ አይታሰብም። የቀረኝ አግዳሚው ነው፤ ቀኑ ደግሞ ቅዳሜ፣ የገበያ ቀን።

በርበሬ ልገዛ ነው ብዬ ወጣሁ። ፀሐዩ ነጭ ነበር። አቧራው፣ የለጋ ቅቤው ሽታ፣ የአህያው ጩኸት መንገዱን ሞልቶታል። ቀያሹ ወዲያኛው ጫፍ ላይ ወረቀቱን ጠቅልሎ ተቀምጧል። ሲያየኝ ፊቱ በራ። ወዲህኛው ጫፍ ተቀመጥኩ።

"ስማኝ" አልኩት። "ዛሬ ማታ…"

"ኖር!" ብሎ ብድግ። እኔም ብድግ። አንድ ሽማግሌ ከነአህያቸው።

"በእግዜር ልጆቼ፣ በእግዜር፣ ተቀመጡ። እንዴት ዋላችሁ? አንች የጸሐፊው ልጅ አይደለሽም? አባትሽ ደኅና ናቸው? እናትሽሳ?"

ደኅና ናቸው፤ እናቴም፣ ላሟም፣ ጥጃዋም። ሄዱ። ተቀመጥን።

"ምን ልትይ ነበር?" አለኝ።

"ዛሬ ማታ ሦስት…"

ቄስ መጡ። ተነስተን መስቀል ተሳለምን፤ እሳቸውም ስለ ትምህርቴ ጠየቁ። ከእሳቸው በኋላ ጎረቤታችን የጨርቅ ነጋዴው ሐጂ መጡና የአባቴን ጤና፣ የወንድሜን ሳል፣ የሰሞኑን ዝናብ አንድ በአንድ አነሱ። ደግ ሰው ነበሩ፤ ያን ቀን ግን ደግነታቸው ሊገድለኝ ነበር። ከኋላቸው የክርስትና እናቴ። "ኖር!" "በእግዜር!" "ኖር!" "በእግዜር!" ጉልበቴ ሳይቀር ዛለ። የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት ይህ ነው፤ አግዳሚ የሠራ ሰው አግዳሚ ላይ መቀመጥ አቃተው። አንዳንድ ጊዜ፣ "ምነው ይህ ሰው ዛሬ እንኳ ትንሽ ባለጌ በሆነ!" እል ነበር በልቤ። ደግሞ ባለጌ ቢሆን ኖሮ እኔስ መች እወደው ነበር?

ይባስ ብሎ ለፋፊው መጥቶ ጆሯችን ሥር ጥሩምባውን ነፋ።

"ያልሰማህ ስማ፣ የሰማህ አሰማ! አግዳሚ ወንበሩ የደከመው መንገደኛ ይረፍበት ተብሏል! በቅሎ መጫኛ አይደለም ተብሏል! ከዚህ ወደ ፍርድ ቤቱ ሰፈር አቋራጭ መንገድ ተከፍቷል!"

ይህን የሰሙ ሦስት ሽማግሎች ከዘራቸውን እየተከሉ መጡ። "እስቲ ይህን የመንግሥት ወንበር እንየው" ብለው ተደርድረው ተቀመጡበት። እኛ ፊታቸው ቆምን። ሽማግሎቹ ስለ ገብስ ዋጋ ያወራሉ። እኔ ደግሞ አፍጥጬ አያቸዋለሁ። ሦስት ሽማግሌ ፈልጌ አልነበር የመጣሁት? ይኸው ሦስት ሽማግሌ! ነጭ ጋቢ ለብሰው፣ አርፈው፣ ሥራ ፈተው። ቀያሹ አንድ ጊዜ ጉልበት ስሞ "አባቶቼ፣ አንድ ጉዳይ አለኝ" ቢላቸው ያልቅ ነበር። ግን እነሱ ፊት እንዴት አድርጌ እነግረዋለሁ? በዓይኔ ብጠቅሰው፣ "አቧራ ገባሽ?" አለኝ።

በዚህ መካከል በበቅሎ አንድ አዛውንት መጡ። በርኖሳቸው በአቧራ ነጥቷል፤ ከሩቅ እንደመጡ ያስታውቃል። ቀያሹ ሮጦ እርካባቸውን ያዘላቸው።

"ተባረክ ልጄ። የፍርድ ቤቱ ጸሐፊ ቤት በወዴት ነው? ከቢቸና ነው የመጣሁ። ቀጠሯችን እሑድ ነበር፤ ጓደኞቼ ነገ ይደርሳሉ፣ እኔ ዝናቡ ሳይጥል ብዬ ቀደምኩ።"

አንድ ቀን ቀደሙ! ግን ጨርሶ አልጨለመብኝም፤ ልጅነት ተስፋ አይቆርጥም። እኒህ ሰው በወንዙ በኩል ከዞሩ ሰዓት ይፈጅባቸዋል። እሳቸው ሲርቁልኝ ቀያሹን ወደ ጎን ጠርቼ አምስቷን ቃል እነግረዋለሁ፣ እሱም የተቀመጡትን ሽማግሎች ጉልበት ይስማል፣ እነሱ በአቋራጩ ወርደው ቀድመው ይገባሉ። በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሽማግሌ ዋሸሁ።

"በወንዙ ዞሮ ነው አባቴ" አልኳቸው፣ እጄን ወደ ታች ዘርግቼ። "ያን ባሕር ዛፍ አልፈው።"

"ኧረ ተሳስታ ነው አባባ!" አለ ቀያሹ። ፊቱ ሁሉ ጥርስ ሆነ። "ለፋፊው ሲናገር አልሰማሽም እንዴ? አቋራጭ ሠርተናል። ባለፈው ሳምንት ነው የጨረስነው። ለበቅሎ እንዲመች ደልድለነዋል። ይምጡ፣ እኔ ራሴ አደርስዎታለሁ።"

"ቆይ" አልኩት።

"መጣሁ፣ አሁኑኑ!" አለና የበቅሎዋን ልጓም ይዞ ወረደ።

ለምን አልጮህኩም? ይህን ጥያቄ ለራሴ ስንት ጊዜ ጠይቄዋለሁ መሰላችሁ። ይሉኝታ ያዘኝ። ሽማግሌ ፊት፣ በገበያ መካከል፣ አንዲት ልጅ "እኒህን ሰው ቤታችን አታድርስብኝ" ብላ እንዴት ትጮኻለች? ሰዎች "ዝም አይነቅዝም" ይላሉ። የኔ ዝምታ ነቅዟል፤ ይህን ተረት ያመጣው ሰው ቢገኝ ላሳየው እችላለሁ። ከተቀመጡት ሽማግሎች አንዱ፣ "ምን ያለ ጨዋ ልጅ ነው! የማን ልጅ ይሆን?" አሉ። "የሰው አገር ልጅ ነው" አልኳቸው፤ እንባዬ ሊመጣ ሲል በነጠላዬ አፌን ያዝኩ።

ለቢቸናው ሰው ተዳርኩ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ነፍሱን ይማርና፣ ክፉ ቢሆን ኖሮ ቢያንስ የምማረርበት አንድ ሰው አገኝ ነበር። ልጆች ወለድን፣ ቤት ሠራን። ቀያሹ የዚያኑ ዓመት ወደ ሌላ አውራጃ ተዛወረ ሲሉ ሰማሁ። ከዚያ ወዲያ ምንም አልሰማሁም።

ያን ቅዳሜ ግን ተመልሶ መጥቷል። ሽማግሎቹ ሄደው፣ ገበያው ተበትኖ፣ ፀሐዩ ወደ ቢጫ ዞሮ ነበር። መንገዱ ላይ አንድም ሰው የለም። ጫማው አቧራ ብቻ ሆኖ፣ ላብ በላብ ሆኖ፣ ደስ ብሎት ሲመጣ አየሁት።

"ደጁ ድረስ አደረስኳቸው። አባትሽ ራሳቸው ወጥተው ተቀበሏቸው" አለኝ። "ሽማግሌው እንዴት አድርገው መረቁኝ መሰለሽ!"

"ምን ብለው?"

"'የልብህን ይስጥህ' አሉኝ።"

"አሜን አልክ?"

"ጮክ ብዬ ነዋ" አለና አጠገቤ ተቀመጠ። "በይ አሁን ንገሪኝ፣ ሰው የለም።"

ነገርኩት። አምስቷ ቃል ለካ አንድ ትንፋሽ አትሞላም። ለምን እንደነበረችም፣ ያደረሳቸው ሰው ማን እንደሆኑም ነገርኩት። መጀመሪያ የሰማኝ አልመሰለኝም። ፈገግታው ፊቱ ላይ እንዳለ ቀረ። ከዚያ ወደ ታች፣ ወደ አቋራጩ፣ ብዙ ጊዜ ሲያይ ቆየ።

"ያን መንገድ መጀመሪያ የነደፍኩት ዞሮ እንዲሄድ ነበር" አለኝ በስተመጨረሻ። "ሰው ይደክመዋል ብዬ ነው ያቀናሁት።"

ስቆጣ ኖሬአለሁ፤ በአግዳሚው፣ በጥሩምባው፣ በይሉኝታዬ፣ ከሁሉም በላይ በዚያ ጨዋነቱ። ያን ጊዜ ግን መቆጣት አልቻልኩም። ጠጋ አልኩና እጄን እጁ ላይ አኖርኩት። ከዚያ በፊት ነክቼው አላውቅም ነበር።