ባጃጁ ሥር የገባው ዘንዶ

ይህ የሆነው ባለፈው ዓመት ሰኔ መግቢያ ላይ ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ ባጃጅ ውስጥ እግሬን አሳርፌ መቀመጥ አልቻልኩም። ሾፌሮቹ «ቲቸር፣ ምን ሆነሽ ነው?» ይሉኛል። ለእያንዳንዱ ማስረዳት ሰለቸኝና ይኸው ጻፍኩት።

እኔ የደብረ ማርቆስ ልጅ ነኝ፤ ቦንጋ የመጣሁት ለማስተማር ተመድቤ ነው። ቤት ያከራዩኝ እትዬ አስቴር እንደ ልጃቸው ነው የሚያዩኝ። ልጃቸው ብርቱካን በማንኪራ መንገድ፣ ጫካው ዳር አግብታ ትኖራለች። የመጀመሪያ ልጇን አርግዛ ስለነበር አንድ ቅዳሜ ልንጠይቃት አብረን ሄድን። ባሏ ለሥራ ሺሺንዳ ሄዶ ነበር።

ምሳ በልተን ሳንጨርስ ብርቱካን ወገቧን ይዛ ተነሣች። መውለጃዋ ገና ነው ተብሎ ነበር። እትዬ አስቴር አንድ ጊዜ አዩዋትና ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው «መኪና ጥሪ» አሉኝ። አምቡላንሱ ሌላ ወላድ ሊያመጣ ወጥቷል ተባልኩ። ቦንጋ የማውቀው ታምራት የሚባል ባጃጅ ነጂ ጋ ደወልኩ። እሱም ሳያቅማማ መጣልን።

ብርቱካንን መሀል አድርገን ከኋላ ተቀመጥን። ዝናቡ አባርቶ ፀሐይ ወጥታ ነበር። አንድ ጥምዝ ላይ ስንደርስ መንገዱን የዘጋ ግንድ አየንና ታምራት ፍሬን ያዘ። ግንዱ ተንቀሳቀሰ።

ዘንዶ ነበር። ጭንቅላቱ በአንዱ ዳር፣ ጭራው በሌላው ዳር ሣር ውስጥ ነው። ታምራት «ይለፍ፣ ከእኛ ጋር ምን አለው» ብሎ ሞተሩን አጠፋ። ጠበቅን። ዘንዶው የሚቸኩል አይመስልም። ብርቱካን ጥርሷን ነክሳ ስትቃትት ታምራት ትዕግሥቱ አለቀና ወርዶ ድንጋይ ወረወረ። ወደ ጫካው ይገባል ስንል ወደ እኛ ዞረ፤ ባጃጁ ሥር ገባ።

የባጃጅ ወለል ስስ ቆርቆሮ ነው። ሲፋተግበት ጫማዬ ሥር ተሰማኝ። እግሬን ወንበሩ ላይ ሰቀልኩ፣ አወረድኩ፣ እንደገና ሰቀልኩ።

ታምራት ከሥር ሊያይ ጎንበስ ከማለቱ ዘንዶው የቡትሱን ጫፍ ነከሰው። ወደ ኋላ ዘሎ «የኋላ ጎማው ላይ ተጠምጥሟል» አለ። «ባስነሳውም ጎማው አይዞርም።» በረጅም እንጨት ሊያስለቅቀው ሞከረ። ዘንዶው የጎማ ንፋስ ሲወጣ የሚሰማ ዓይነት ድምፅ አሰማና ይበልጥ ጠበቀ። ስልኬን አየሁ፤ ኔትወርክ የለም። እናትና ልጅ በካፊኖኖ ቶሎ ቶሎ ይነጋገራሉ። አይገባኝም። «ምን አለች? ምን አለች?» እላለሁ።

በመጨረሻ ብርቱካን ለእኔና ለታምራት እንዲሰማን በአማርኛ ተናገረች።

«እሱ እስኪወጣ እዚህ አልቀመጥም። በእግሬ እሄዳለሁ።»

«ልጄ፣ እንዴት ተደርጎ?» አሉ እናቷ።

«እማዬ፣ ያዢኝ።»

ዘንዶው ጭንቅላቱን ያወጣው በግራ በኩል ነበር። እኛ በቀኝ እንድንወርድ ታምራት ጃኬቱን አውልቆ እንጨቱ ጫፍ ላይ ጠቀለለና በግራ በኩል ያወዛውዝለት ጀመር። እኔና እትዬ አስቴር ቀድመን ወረድን። ብርቱካን አንድ እግሯን እንዳሳረፈች ምጡ ያዛት። አንገቴን አቅፋ፣ ልክ ከኋላ ጎማው አጠገብ ቀጥ አለች። የዘንዶው ገላ ጎማው ላይ ሲጠብቅና ሲላላ አየዋለሁ፤ የእኔን ጭን ያክላል። በዚያኛው በኩል ጃኬቱ ሲጎተት ሰማሁ።

«ይዞታል፣ ሂዱ» አለ ታምራት።

ምጡ ሲለቃት ሄድን። በጭቃው ጥቂት እንራመዳለን፣ ምጡ ሲመጣ እንቆማለን። በቆምን ቁጥር ወደ ኋላ እዞራለሁ። ብዙ ሳንርቅ ከቦንጋ በኩል አንድ ፒካፕ መጣ። ሹፌሩ አዛውንት ናቸው። ብርቱካንን ሲያዩ ምንም ሳይጠይቁ መኪናቸውን አዞሩልን።

ሆስፒታል እንደደረስን ሴት ልጅ ወለደች። እልልታው ሲሰማ እኔ ደጅ ለደጅ እዞራለሁ፤ የታምራት ስልክ አይሠራም። ሊመሽ ሲል ጭቃ በጭቃ ሆኖ በሸሚዝ መጣ። «ወለደች?» ነበር የመጀመሪያ ቃሉ። አዎ ስለው ግድግዳውን ተደግፎ ቁጭ አለ። ዝናቡ እንደገና ሲጀምር ዘንዶው ጃኬቱን ትቶ፣ ጎማውንም ለቆ ወደ ጫካው ገባ አለኝ።

ሕፃኗ አሁን መዳህ ጀምራለች። ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ስለ ዘንዶው ርዝመት ነው። እኔ ግን ከጎማው አጠገብ የቆምንባት ሰዓት ናት ከእንቅልፌ የምታባንነኝ። በቅርቡ ብርቱካንን እንዴት እንደቻለችው ጠየቅኳት።

«ወደ ታች መቼ አየሁ» አለችኝ። «ያንቺን ፊት ነበር የማየው። አንቺ ካልሮጥሽ ምንም የለም ብዬ ነው የጸናሁት።»

ያልሮጥኩት እግሬ አልታዘዝ ብሎኝ እንደሆነ እስካሁን አልነገርኳትም።