ለውሃ ፌንጣ ያቀጣጠልኩት ከሰል

«እማ፣ እግሬ የለም» አለችኝ ልጄ።

ቀልድ መስሎኝ ነበር። በጭልፋ የተቀቀለ ሳማ ይዤ ከውጭው ማድ ቤት መግባቴ ነው፤ እሷ ከመስታወቱ ገንዳ ፊት የእንጨት ዱካ ላይ ተቀምጣለች። «ከሥርሽ አለልሽ፤ የት ይሄድብሻል?» አልኳት። አልሳቀችም። ራሷ ዝናብ እንደ ጠገበ እሸት ወደ ደረቷ ዘመም አለና ከዱካው ወደ ጎን ተንሸራተተች። ጭልፋው ከእጄ አመለጠ። አደጋ ቤቴ መግባቱን ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው። በየት በኩል እንደ ገባ ግን አላወቅሁም።

ነሐሴ ነበር፣ ከቀትር በኋላ። የደብረ ታቦርን ነሐሴ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ጉሙ ደጅ አይበቃውም፣ ብርድ ልብስ ውስጥ ይገባል። መብራት ከጠዋት ጀምሮ ጠፍቶ ነበር።

ነገሩን ከሥሩ ላውጋው። ልጄ ባሕር ዳር ትማር ነበር፣ ስለ ዓሣና ውሃ ውስጥ ስለሚኖሩ ነፍሳት። ትምህርቱ ሲቋረጥ ልብሷን በፌስታል ቋጥራ፣ አሥር የውሃ ነፍሳት በፕላስቲክ ጠርሙስ ይዛ መጣች። መንገድ ላይ ካለችው ከአንበሳሜ ከተማ ጀምሮ ብርድ እንዳይመታቸው ጠርሙሱን ጉያዋ ውስጥ ሸጉጣ ነው የመጣችው። «ሽሪምፕ ይባላሉ» አለችኝ። አፌ አልያዘልኝም። ቀረብ ብዬ ባያቸው ቀያይ ናቸው፣ ከጥፍሬ አይበልጡም፤ ረጅም ጢም፣ ጎባጣ ጀርባ፣ ቁጥር የሌለው እግር። «ይሄማ የውሃ ፌንጣ ነው» አልኩ። ቤታችን ውስጥ ስማቸው ያው ሆኖ ቀረ።

መስታወት አስቆርጣ፣ ራሷ አጣብቃ፣ አንድ ጀሪካን ውሃ የሚይዝ ገንዳ ሠራችላቸው። የቧንቧ ውሃ መድኃኒቱ እስኪወጣለት ሳያድር አይጨመርም። አየር የምትነፋ ትንሽ ሞተር አለች፣ ውሃውን ለብ የሚያደርግ የኤሌክትሪክ ዘንግም አለ። እኔን የገረመኝ ግን ምግባቸው ነው፤ የተቀቀለ ሳማ! በክፉ ዘመን ጉና ላይ እኛ የበላነውን። ቅጠሉ ላይ ይሰፍሩና በፊት እጃቸው ቶሎ ቶሎ እየነጩ ወደ አፋቸው ሲያደርሱ፣ ጥጥ የምታባዝት ሴት ይመስላሉ። ፊደል ከመቁጠር ያለፈ ትምህርት የለኝም፤ ያን እያየሁ ስንት ሰዓት እንደምቀመጥ ግን እግዜር ይወቀው።

እናቲቱ እንቁላሏን የትም አትጥልም። ሆዷ ሥር ይዛው አንድ ወር ያህል ትዞራለች፤ በትንንሽ እግሮቿ ሌት ተቀን እያራገበች። እኛ በጀርባ እናዝላለን፣ እሷ በሆዷ። ልጄ ሐሳቧ ሁሉ ይኸው ነበር፤ አንዴ ይፈልፈሉላት እንጂ ሌላ አትፈልግም። ብርድ ሲበረታባቸው ግን አይችሉም። ሐምሌ ውስጥ ሁለቱ፣ አንዷ ካንዷ ተከትለው፣ እንቁላላቸውን አራገፉት።

«ይችም ጣለች፣ እማ» አለችኝ።

ጣለች የሚባለው ለላም ነው፣ ለበግ ነው። ለኔም ተብሏል። ከዚች ልጅ በፊት ሁለት ወርዶብኛል፤ የባሌ እናት ለጎረቤት «ዘንድሮም ጣለች» ሲሉ በግድግዳው ማዶ ሆኜ ሰምቻለሁ። ባልየው ነፍሱን ይማረው፣ እሱ አንድ ቀን ክፉ ቃል ወጥቶት አያውቅም። ያቺ ቃል ግን ከጆሮዬ አልወጣችም። ስለዚህ ሦስተኛዋ የውሃ ፌንጣ ሆዷ ሥር ሞልታ ባየኋት ቀን፣ ለማንም ሳልናገር፣ ይችን ብርድ አያስጥላትም ብዬ ማልሁ።

አክስቴ ከጉና ለገበያ ወርደው ሲያዩአቸው አማተቡ።

«ይታለባል?»

«አይታለብም፣ እቴቴ።»

«ይታረዳል?»

«ኧረ ምናቸው ይታረዳል!»

«እና ልጅሽ ባሕር ዳር ድረስ ሄዳ የተማረችው ፌንጣ መቀለብ ነው? የኛ አገር ፌንጣ ማንም ሳይቀልበው ነው ገብሳችንን የሚጨርሰው!» ልጄ በሳቅ ፈረሰች። አክስቴ ሊሄዱ ሲሉ ግን በር ላይ ክንዴን ያዝ አደረጉኝ። «ሰምተሽኛል? የቆመ ውሃ ባለቤት አያጣም። ቤት ውስጥ አታስቀምጭው፤ ይችን ልጅ ይለክፍብሻል።» ሳቅሁ።

እንግዲህ ያን ቀን መብራት ሲጠፋ ሞተሯም ዝም አለች፣ ዘንጉም ቀዘቀዘ። ልጄ ገንዳውን በጋቢ ጠቀለለችው። የብርዱን መለኪያ እያየች ከንፈሯን ትነክሳለች። እኔ ጉና ላይ ነው ያደግሁት፤ በውርጭ የተወለደ ግልገል ምን እንደሚደረግ አውቃለሁ። እሳት ዳር ይቀመጣል፣ በቃ። ከሰሉን ውጭ አቀጣጠልሁ። ጭሱ እስኪወጣ፣ ፍሙ እስኪቀላ ጠበቅሁ። ጭሱ የወጣ ከሰል ምን ያደርጋል? እናቴም ያሉት እንዲሁ ነው። ምድጃውን አስገብቼ ከገንዳው ሥር አኖርሁት። መስኮቱን ዘጋሁ፣ ከበሩ ሥር አሮጌ ነጠላ ወተፍሁ።

«እማ፣ መስኮቱ ትንሽ ገርበብ ቢል አይሻልም?»

«ብርዱ ይገባል! ነፍሰ ጡሯን ልትገያት ነው?»

«እሺ፣ እሺ፣ አዋላጇ አንች ነሽ» ብላ ሳቀችብኝ።

የሳር ቤት ይተነፍሳል፤ በጣራውም በግድግዳውም። የኛ ቤት ግን ሲሚንቶ ነው፣ ላዩም በኮርኒስ የታፈነ ነው። ይህን ማን ነግሮኝ? እኔ ወጥ ለመሥራት ወጣ ገባ ስል እሷ እዚያው ቁጭ ብላ ቆየች። ስገባ «ራሴን ይወጋኛል» ብላኝ ነበር። ጾም ነው ብዬ አለፍሁት።

ከዱካው ስትወድቅ ታዲያ የመጣልኝ ከሰሉ አይደለም፣ ያክስቴ ቃል ነው። ውሃው! ባለቤቱ ለከፋት! ሙቀቱ እንዳይወጣ ብዬ እንደ ልማዴ በሩን በእግሬ ዘግቼው ነበር የገባሁት። በተዘጋ ቤት ውስጥ ጠበሉን ከመደርደሪያው አወረድሁ፣ በስመ አብ ብዬ ፊቷ ላይ ረጨሁ። ዓይኗን ገለጥ አድርጋ ከደነችው። ደግሜ ረጨሁ። «ልቀቃት! ምን አደረገችህ?» እያልሁ ወደ ገንዳው እጮሃለሁ። ያን ጊዜ የኔም ጉልበት ዛለ፣ ጆሮዬ ውስጥ ወፍጮ ዞረ። እኔንም መጣብኝ አልኩ። ካልደፋሁት ሁለታችንንም አይለቀንም።

ሃያ ሊትር ጀሪካን አዝዬ ያደግሁ ሴት ነኝ። ጋቢውን ገፍፌ ገንዳውን አቀፍሁት፣ በሩን በእርግጫ በረገድሁት። ዝናብና ንፋስ ፊቴን መቱኝ። ውሃውን ልደፋ ጎንበስ ስል መስታወቱ ካፍንጫዬ ሥር ሆነ፤ ያቺ ባለ እንቁላሏ ከጥግ ተለጥፋ ታራግባለች። ውሃው ሲናወጥ እንኳ ማራገቧን አልተወችም። እጄ አልታዘዝ አለኝ። ከኋላዬም ድምፅ ሰማሁ፣ ቀጭን ድምፅ።

«እማ… አትድፊያቸው።»

ገንዳውን ከደፉ ላይ አስቀመጥሁና ዞርኩ። አጥር የምንጋራት ሙስሊም ጎረቤቴ ከሱቋ ሆና አይታኝ ኖሮ ሻሿን እንኳ ሳታስር ደረሰች።

«አንች! በዝናብ መስታወት ታቅፈሽ ምን ሆነሽ ነው?»

«ልጄን! ውሃው መታብኝ!»

አንገቷን ወደ ውስጥ አስግጋ ምድጃውን አየች። «ያ አላህ! የምን ውሃ? ከሰሉ ነው እንጅ! አንድ ጊዜ የኔን እህት ሊገድላት የነበረ ይኸው ነው። በሩን እንዳትዘጊ! እግሯን ያዢ፣ እኔ ብብቷን ልያዝ።»

ልጄን ጎትተን ደጅ፣ ዝናብ ከማይደርስበት ከጣራው ክፈፍ ሥር አወጣናት። ጎረቤቴ ምድጃውን ዝናብ ውስጥ ወረወረችው። ልጄ አስመለሳት፤ ማስመለሷን ሳይ እግዜርን አመሰገንሁ፣ የሞተ አያስመልስምና። በባጃጅ ይዘናት ስንሄድ ራሷ ጭኔ ላይ ነው። የሐኪም ቤቱ ደጅ እስክንደርስ ትንፋሿን በመዳፌ እጠብቅ ነበር፣ አንዱ ሲያልፍ ሌላው እስኪመጣ።

የኦክስጂን ጭምብል አፍንጫዋ ላይ አደረጉላት። እኔም ተጨምሬ ሌላ አልጋ ላይ አስቀመጡኝ። ሐኪሙ ወጣት ነው፣ አንቱ ይለኛል።

«እናት፣ የከሰል መርዙ ጭሱ አይደለም፤ ጋዙ ነው። አይታይም፣ አይሸትም። ትንሽ ቢቆይ ኖሮ… በሩን ማን ከፈተው?»

«እኔ።» ለምን እንደ ከፈትሁት መናገር አፈርሁ።

«ንገሪው እንጅ!» አለች ጎረቤቴ። «ጋኔን ልደፋ ብዬ ነው በይው! ደግሞ አታስቢ፣ ፌንጣዎችሽን ከዝናቡ አንስታ ሱቄ ታስገባቸው ብዬ ለልጄ ደውያለሁ። ጋኔኑ ደንበኛ ያበዛልኝ ይሆናል።»

ሐኪሙ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ፣ ትከሻው ግን ይንቀጠቀጥ ነበር። ልጄም ከጭምብሉ ሥር ሳቀች፤ ጭምብሉ በእንፋሎቷ ጉም ለበሰ። ከአልጋዬ ወርጄ እጇን ያዝሁ።

«መስኮት ይከፈት ስትይኝ እምቢ ያልሁሽ እኔ ነኝ» አልኳት። «በእጄ ልገድልሽ ነበር፣ ዓለሜ።»

ጣቶቼን ጨመቅ አደረገችኝ። «ለነሱ ሳስተሽ ነው፣ እማ። አሁን ዝም በይና ተኝ፤ አንችም ታመሻል እኮ።»

ቀን ሳይመሽ ሐኪሙ ተመልሶ ዓይኗን አየ፣ አስነሥቶ ወዲያና ወዲህ አስኬዳት። ጭምብሉን አወለቀላትና «ጨርሰናል፣ ቤታችሁ ግቡ» አለን። ዝናቡ አባርቶ ነበር። ከሐኪም ቤቱ በር ላይ ቆሜ አየሩን እስኪበቃኝ ሳብሁት። እሷ ክንዴን ይዛ በራሷ እግር ቆማለች፣ «እማ፣ ራበኝ» ትላለች።

ልጄ ተርፋለች። እኔም ተርፌያለሁ። ደህና ነን።