ከፔጆው የወጣው ድምፅ

ትናንት የእህቴ ልጅ ስልኩን ከአሮጌው መኪናዬ ቴፕ ጋር በገመድ ሲያገናኝ ስፒከሩ ክርርር አለ። «ንቀለው!» ብዬ ጮህኩበት።

ያን ድምፅ መጀመሪያ የሰማሁት በደርግ ጊዜ፣ ድሬዳዋ፣ ደቻቱ ወንዝ ዳር ካለው ቤታችን ደጃፍ ነው። ለውትድርና ታፍሶ የሄደው ታላቅ ወንድሜ ድምፁን በካሴት ቀድቶ ከግንባር ልኮልን ነበር። ኮንትሮባንድ ነጋዴው ጎረቤታችን አብዲ ዎክማን፣ በጆሮ ማዳመጫ ብቻ የሚሰማ ትንሽ የካሴት ማጫወቻ፣ ይዞ መጣ። እማዬ ግን «ልጆቹም ይስሙት እንጂ! ለብቻዬ ጆሮዬ ላይ አልሰካም» አለች። አብዲ የማዳመጫውን ሽቦ በጥርሱ ልጦ ከአባዬ ፔጆ ታክሲ ስፒከር ጋር አጣመረው።

ከዚያ ቀስ ብሎ «አቦ፣ እያወቅክ ታሰማታለህ?» አለው አባዬን።

«ዛሬን ትስማው። ሽማግሌዎቹ ነገ ንጋት ላይ ይመጣሉ።»

ሽማግሌ የሚመጣው ትልቋን እህቴን ለጋብቻ ሊጠይቅ መስሎኝ ደስ አለኝ።

ስፒከሩ ክርርር አለና ወንድሜ «እማ፣ ደህና ነኝ፤ ለእንቁጣጣሽ እመጣለሁ» አለ። እማዬ በፀሐይ የጋለው የመኪናው በር ላይ ጉንጯን ለጥፋ ሳቀች። «ድገመው!» አባዬ ፊቱን ወደ ደረቁ ወንዝ አዙሮ እየመለሰ ደጋገመላት። በመጨረሻ የዎክማኑ ባትሪ ድንጋይ ደከመና የወንድሜ ድምፅ እየወፈረ፣ እየተጎተተ ሄዶ የሽማግሌ ድምፅ ሆነ። እኛ ልጆች በሳቅ ፈነዳን።

ሲነጋ ሽማግሌዎቹ መርዶውን ይዘው መጡ።

«ምን ሆንሽ አክስቴ?» አለኝ ልጁ ገመዱን እንደያዘ። ወንድሜ ሲያረጅ የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው።