እትዬ ዘነበችን እንቅልፍ የነሳው ኢሜይል

ዛሬ ከሰዓት ሊልበርን ከተማ ያለው ቤቴ በር ተንኳኳ። ስከፍት የእናቴ ጓደኛ እትዬ ዘነበች ሁለት ሽማግሌዎች አስከትለው ቆመዋል።

«ልጄ፣ ምን በድዬህ ነው?» አሉኝ ገና ሳይቀመጡ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የሰው ዕቃ ኦንላይን አሻሽጬ ኮሚሽን የማገኝበት አፊሊየት ማርኬቲንግ ጀምሬያለሁ። ሴልስ ፈነሌን፣ ማለትም ገዢን ደረጃ በደረጃ እስከ ግዢ የሚያደርሰውን ሲስተም፣ ቴስት ላድርግ ብዬ የእግር ማሳጅ ማሽን ሊንክ ላኩላቸው። ከፍተው አዩና ሳይገዙ ወጡ።

ሳይገዛ ለወጣ ሰው ደግሞ ሲስተሙ ራሱ ኢሜይል ይልካል። አማርኛውን የጻፍኩት እኔ ነኝ፦ «እትዬ ዘነበች፣ ምነው ጠፉ? ረሱን እንዴ?»

ለካ እሳቸው ‘ሳልጠይቀው ቀርቼ ተቀይሞኛል’ ብለው እንቅልፍ አጥተዋል።

«እኔ አይደለሁም፣ ሲስተሙ ነው የላከው» ብል አንደኛው ሽማግሌ ኮስተር ብለው «እሱም ይጠራና አብሮ ይታረቅ» አሉ።

እሺ ብዬ ጉልበታቸውን ልስም ጎንበስ ስል የእትዬ ስልክ ጮኸ። ሁለተኛው ኢሜይል ነው፦ «ይህ የመጨረሻ ዕድልዎ ነው።»

እትዬ ስልኩን ለሽማግሌዎቹ አሳዩና «አያችሁ፣ አሁንም አልበረደለትም» አሉ።

እናንተስ ሳታውቁት ከሰው ተጣልታችሁ ታውቃላችሁ? እስቲ ጻፉልኝ፤ በኢሜይል ብቻ እንዳይሆን።